የሶላር ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ምሽታችሁን ቁጠሩ

የአክስቴ ቤት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የመብራት ምሰሶ እሷ ሰፈር አልደረሰም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከቴክኒክና ሙያ ወጥቼ ደሴ ላይ የሶላር ሥራ ስጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እሷ ነበረች። ጣሪያዋ ላይ ባለ 80 ዋት ፓኔል አሰርኩላት። ባትሪውን ግን ከጋራዥ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ገዝቼ ወሰድኩ። ርካሽ ነበር፤ ስለካውም ጥሩ ቮልት ያሳይ ነበር። አራት ወር ሠራ። በአምስተኛው ወር ማታ 1 ሰዓት የበራው አምፖል 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መደብዘዝ ጀመረ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ኩራዜን ጥዬዋለሁ። ጋዙን መልሼ ልግዛ እንዴ?" አለችኝ።

ያቺን ጥያቄ ከማንም ሰው አፍ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። ለዚህ ነው ደንበኞቼ ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ አድርጌ የምነግራቸውን ሁሉ እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ያ ባትሪ ለምን እንደሞተ ልንገራችሁ። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ሞተሩ እንደተነሳ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ስለዚህ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስ ናቸው። የሶላር ባትሪ ሥራ ሌላ ነው። ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ሌሊቱን መዝለቅ አለበት። ፕሌቶቹም ወፋፍራም ናቸው። የመኪናውም ሆነ የተለመደው የሶላር ባትሪ ግን ሁለቱም የአሲድ ባትሪ ናቸው።

የአሲድ ባትሪ ሲራገፍ ፕሌቶቹ ላይ ነጭ የሰልፌት ቅርፊት ይሠራል። በማግስቱ በደንብ ከተሞላ ቅርፊቱ መልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ከሰነበተ ግን ይጠነክራል። የጠነከረበት የፕሌቱ ክፍል ከዚያ በኋላ ሥራ የለውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠነከረ ሄዶ አንድ ቀን ባትሪው በአንድ ሰዓት ሞልቶ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ይሆናል። የአሲድ ባትሪን ያለ ዕድሜው የሚገድለው ረሃብ ነው እላለሁ። ማታ ማታ እስከ ጥጉ ይራገፋል፣ ቀን ቀን ሳይጠግብ ይውላል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ባትሪው እንዳይራብ ነው።

ደብተር ያዙ

"ስንት ዋት ፓኔል ይበቃኛል?" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። መልሱ የሚጀምረው ግን ከፓኔሉ ሳይሆን ከምሽቱ ነው። ማታ ምን ምን ይበራል? ስንት ዋት ነው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ዋቱ ከዕቃው ጀርባ ተጽፏል። በሰዓቱ አባዙት፤ የሚመጣው ቁጥር ዋት-ሰዓት ይባላል።

የአክስቴን ቤት ሁለተኛ ጊዜ ስሠራ ቡና እያፈላች አብረን እንዲህ ጻፍን። አራት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለ4 ሰዓት፣ 112። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 50 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 200። ሪሲቨሩ 15 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 60። ሦስት ስልክ፣ 45 ገደማ። ሬዲዮ 5 ዋት ለ6 ሰዓት፣ 30። ድምሩ 447 መጣ። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ቴሌቪዥኑ ወደሚፈልገው የቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ ራሱም ይበላል። ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ብቻ፣ 10 ዋት የሚወስድ አለ። 5 ሰዓት ቢበራ 50 ነው። 500 ብለን ዘጋነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ "ምጣድስ?" የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። አንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር የአክስቴን የሰባት ምሽት መብራትና ቴሌቪዥን ይበላል ማለት ነው። ካውያም፣ የውሃ ማሞቂያም እንደዚያው ናቸው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ለትንሽ ባትሪ ጠላት ነው፤ ከዝርዝሩ አውጡት። ፍሪጅ ካላችሁ ደግሞ ለብቻው አስሉት። ትንሹም ቢሆን በቀን 1,000 ዋት-ሰዓት አካባቢ ሊወስድ ይችላል።

ግማሹ የባትሪው ነው

ባትሪ ላይ የሚጻፈው አምፒር-ሰዓት ነው። በቮልቱ ስታባዙት የሚይዘው ዋት-ሰዓት ይወጣል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ይሄ ሁሉ ግን የእናንተ አይደለም። ከአሲድም ሆነ ከጄል (አሲዱ የረጋበት ዓይነት) ባትሪ ግማሹን ብቻ ውሰዱ። ግማሹን ለባትሪው ተዉለት። ስለዚህ ከ1,200ው የሚሠራላችሁ 600 ነው። ለአክስቴ አንድ ምሽት ይበቃል። ግን ነገ ቢደምንስ? እኔ ሁሌም ለሁለት ምሽት ነው የማስበው። ለእሷ ሁለት ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ገዛን።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። "እንግዲያው ባትሪውን በጣም ትልቅ ባደርገው አይራብም" ይላሉ። ጎተራው ቢሰፋ እህሉ ከየት ይመጣል? ትልቅ ባትሪ ከትንሽ ፓኔል ጋር ስታስሩት ከትንሹም በባሰ ይራባል፤ መቼም አይሞላምና። የአሲድ ባትሪ ቢያንስ የአምፒር-ሰዓቱን አንድ አሥረኛ ያህል አምፒር እንዲገባለት ይፈልጋል። 200 አምፒር-ሰዓት 20 አምፒር ይላል ማለት ነው። 250 ዋት ፓኔል በእኩለ ቀን ፀሐይ 19 አምፒር ገደማ ያስገባል። የበፊቱ 80 ዋት ፓኔል ቢሆን ግን 6 አምፒር ብቻ ነበር።

በሌላ በኩልም ፈትሹት። በበጋ እዚህ አካባቢ በቀን 5 እና ከዚያ በላይ ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ይገኛል፤ የቀኑ ብርሃን ሁሉ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ በምታበራበት ሰዓት ሲቆጠር ማለት ነው። እኔ ግን የማሰላው በክረምቱ ነው፤ 4 ሰዓት ብዬ እይዛለሁ። በገመድ፣ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በባትሪው ውስጥ የሚባክነውን ቀንሼ 60 በመቶው ይደርሳል እላለሁ። 500ን ለ4 አካፍሉ፣ ውጤቱን ለ0.6 አካፍሉ። 208 ዋት ይመጣል። 250 ዋት በቂ ነው። አቅም ካለ 300 አድርጉት፤ ከደመናማ ቀን በኋላ የጎደለውን ቶሎ ይመልሳል።

ኮንትሮለሩን፣ ማለትም በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ የሚሞላውን የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ አትናቁት። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ዓይነት ከፓኔሉ የሚመጣውን አምፒር እንዳለ ያስተላልፋል፣ የተረፈውን ቮልት ይጥለዋል። ባለ 30 ቮልት፣ 250 ዋት ፓኔል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር በዚህ ብታስሩት የምታገኙት 110 ዋት እንኳን አይሞላም። ከግማሽ በላይ ገንዘባችሁ ጣሪያ ላይ ቀረ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፓኔል ኤምፒፒቲ የሚባለው፣ የተረፈውን ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይረው ኮንትሮለር ያስፈልጋል። ለ18 ቮልት ፓኔል ግን ፒደብሊውኤም ይበቃል። ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ኤምፒፒቲ አይደለም። ባትሪው ጎደል ባለበት ቀን፣ በጠራ እኩለ ቀን ለኩት። ወደ ባትሪ የሚገባው አምፒር ከፓኔሉ ከሚወጣው መብለጥ አለበት። እኩል ከሆነ ስሙ ብቻ ነው የተለጠፈበት።

ሊትየም ወይስ አሲድ?

ለሶላር የሚሆነው ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። 12.8 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል፤ ባለ 3.2 ቮልት አራት ሴሎች በተከታታይ ታስረው ነው። ስልካችሁ ውስጥ ካለው የሊትየም ዓይነት የተለየ ነው፣ ሙቀትንም የተሻለ ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው ከጆን ጉዲናፍ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነው። ሰውየው በ2019 እ.ኤ.አ. በሊትየም አየን ባትሪ ሥራው ኖቤል ሲሸለም 97 ዓመቱ ነበር። ይሄን ለተለማማጆቼ ሁሌ እነግራቸዋለሁ።

የዚህ ባትሪ ትልቁ ነገር ረሃብን መቻሉ ነው። ከ100 አምፒር-ሰዓቱ 80 በመቶውን ብትወስዱበት ችግር የለም። ግማሽ ላይ ቢሰነብትም አይከፋም። አንድ ባለ 100 ሊትየም 1,024 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። የአክስቴን ሁለት ምሽት ለብቻው ይሸፍናል።

ዋጋው ሲሰማ ግን ሰው ይደነግጣል። እኔ የምላቸው ዋጋውን ለሌሊት አካፍሉት ነው። ደህና የአሲድ ሶላር ባትሪ በየሌሊቱ ግማሹ ከተወሰደ ከ500 እስከ 1,000 ሌሊት ያገለግላል። ደህና ሊትየም ከ2,000 እስከ 5,000 ሌሊት ይሄዳል። ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ፀጉር ቤት ይሄን ስሌት እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጠን ሠርተን ሊትየሙን ገዛች። እሷ በየቀኑ መብራት በሄደ ቁጥር ትጠቀምበታለች፤ አዋጥቷታል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን፣ ወይም አሁን እጁ ላይ ያለው ብር ለአሲድ ብቻ ለሚበቃ ሰው፣ አሲዱም በደንብ ከተያዘ የሚያሳፍር አይደለም።

ሱቅ ውስጥ አድርጉት የምላችሁ አንድ ነገር አለ። አንሱት። ትክክለኛ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 28 ኪሎ አካባቢ ነው። ትክክለኛ ባለ 100 ሊትየም 11 ኪሎ አካባቢ ነው። 100 ተብሎ የተጻፈበት ሊትየም 4 ኪሎ ከሆነ ውስጡ 100 የለም። አንድ ጊዜ ደንበኛዬ ይዞት የመጣውን ስከፍተው ከአሮጌ ላፕቶፖች የወጡ ትንንሽ ሴሎች በናስትሮ ተጠቅልለው ነበር ያገኘሁት። ሚዛን ከሌለ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ በሌላው እጃችሁ ያዙና አመዛዝኑ፤ 5 ኪሎ ነው። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት በቴስተር ለኩት። 12.6 እና ከዚያ በላይ ይበል። ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያው ላይ ተርቦ የከረመ ነውና ተዉት።

ስታስሩት

መጀመሪያ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቁ። እኔ የእናቴን የብር አምባር አድርጌ ስሠራ በመፍቻው እና በባትሪው ጫፍ መካከል ገባ። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነበር። አምባሩ ቀልቶ አንጓዬ ላይ ተጣበቀ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። 12 ቮልት ሰውን አይነዝርም፤ ግን ባትሪ በአንድ ጊዜ ከመቶዎች በላይ አምፒር መልቀቅ ይችላል። ብረት ለማቅለጥ ይበቃል። የመፍቻችሁን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉት።

ቅደም ተከተሉ ሁሌ አንድ ነው። ባትሪው ቀድሞ ከኮንትሮለሩ ጋር ይታሰራል፣ ፓኔሉ በኋላ ይገባል። ስትፈቱ ፓኔሉ ቀድሞ ይወጣል። ኮንትሮለሩ 12 ይሁን 24 ቮልት የሚያውቀው ከባትሪው ነው። ፓኔሉ ቀድሞ ከገባበት ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ የባትሪውን ዓይነት ምረጡለት። ውሃ የሚጨመርበት አሲድ እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ይሞላል፣ ጄል ዝቅ ይላል፣ ሊትየምም የራሱ ልክ አለው። ከባትሪው ጋር የመጣችውን ወረቀት አትጣሉ።

ፊውዝ ያለ ምንም ክርክር ይግባ። ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው። ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ጠባቂ የለውምና ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። ለዲሲ፣ ማለትም ከባትሪ ለሚወጣው የኤሌክትሪክ ዓይነት፣ የተሠራ ፊውዝ መሆኑን አረጋግጡ። ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር 30 አምፒር አካባቢ ይስባል። ለአክስቴ ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ እና 40 አምፒር ፊውዝ አደረግሁ። 1,000 ዋት ኢንቨርተር ግን 95 አምፒር ሊደርስ ይችላል። ለእሱ ባለ 35 ካሬ ገመድ እና 125 አምፒር ፊውዝ እጠቀማለሁ፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። የቤት መብራት ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲነኩት ከሞቀ ቀጥኗል ማለት ነው።

ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን የምታስሩ ከሆነ ጥማድ በሬ አስቡ። አንዱ ወይፈን፣ አንዱ ያረጀ ከሆነ እርሻው አይሄድም። ባትሪም እንደዚያው ነው። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ይሁኑ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ካሰራችሁት አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ባትሪ አውጡ። ሁለቱንም ከአንዱ ካወጣችሁ ያ ባትሪ ብቻውን ይደክማል።

ቦታው ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበት ይሁን። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። መኝታ ቤት፣ ከምድጃ አጠገብ፣ ልጆች የሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥም። ሙቀትም ይጎዳዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የአሲድ ባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ከፍ አድርጎ መስቀል ስህተት ነው። መሬት ላይ፣ ጣውላ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ሊትየም ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚመታበት ደጋ የምትኖሩ ሰዎች ከቤት ውጭ አታስቀምጡት።

ከዚያ በኋላ

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ በየወሩ ክዳኑን ክፈቱና እዩ። ፕሌቶቹ መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ፣ ማለትም የተጣራው ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ፣ በሃይላንድ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ሁሉም ማዕድን አላቸው። አሲድ አትጨምሩ። ባትሪው ከሞላ በኋላ ጨምሩ፤ ሲሞላ መጠኑ ከፍ ስለሚል ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ይገነፍላል። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፤ ዓይን ከሆነ ደግሞ እየታጠቡ ሐኪም ጋ መሄድ። ጫፎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ እጠቡት፤ ክዳኖቹ በደንብ ይዘጉ። ሲደርቅ ብሎኑን አጥብቁና ቫዝሊን ቀቡት።

ፓኔሉንም አትርሱት። ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ከሆነ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። በበጋ ግን በእርጥብ ጨርቅ በየሁለት ሳምንቱ፣ ማለዳ ሳይሞቅ ጥረጉት።

ባትሪው ሲያረጅ አትስበሩት፣ አሲዱን ደጅ አትድፉት፣ እርሳሱን ቤት ውስጥ አታቅልጡ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሳይከፈት፣ እንዳለ፣ ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱት ወይም ባትሪ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ሽጡት። ለቆራሌው ከሰጣችሁም ሳይሰበር ይውሰደው። ዋጋ አለው።

አሁን ለአክስቴ ያስተማርኳትን ልንገራችሁ፤ በየቀኑ ማድረግ ያለባችሁ ይሄ ብቻ ነውና። ከባትሪዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ትንሽ የቮልት ማሳያ ገጠምኩላት። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትነካ፣ ሁሉ ነገር እንደጠፋ ታነባለች። 12.4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ልቧ። 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፣ ያን ቀን ማታ ቴሌቪዥን የለም። 12.0 ከሆነ አምፖል ብቻ፣ እሱም አንድ። ይህ ቁጥር ለአሲድ ባትሪ ነው። ሊትየም ቮልቱ ከሙሉ እስከ ባዶ አካባቢ ድረስ 13.2 አጠገብ ቆሞ ስለሚቆይ በቮልት አይታወቅም። ለእሱ የገባና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር መለኪያ ግጠሙ።

አክስቴ ቁጥሩን በጠመኔ በሩ ላይ ትጽፋለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከ12.2 በታች ከሆነ ትደውልልኛለች፤ ወይ ፓኔሉ ላይ ቅጠል ወድቋል፣ ወይ አንድ ብሎን ላልቷል። እነዚያ ሁለት ባትሪዎች አምስት ዓመት አገለገሏት። ባለፈው የተከልኩላት ሁለተኛው ጥንድ ነው። ቅዳሜ ስሄድ በሩ ላይ 12.5 ተጽፎ ነበር።